ልጄ በማስመሪያ ትለካለች፣ በዓይኗ መገመት ግን አቃታት። ምን ላድርግ?

እናት ከኮቺ (ማክሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው ጅማ ነው፣ መንደራ ኮቺ። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ። ሒሳብ አትጠላም። መደመርና መቀነስ ላይ ከኔ ትፈጥናለች። ያስቸገረን ርዝመት ነው።

ባለፈው ሳምንት «ቤት ውስጥ ያሉ አምስት ዕቃዎችን ገምቱ፣ ከዚያ ለኩ» የሚል የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ምን አደረገች መሰላችሁ? መጀመሪያ ለካች። ከዚያ የለካችውን ቁጥር «ግምት» የሚለው ሳጥን ውስጥ ገለበጠችው። አምስቱም ላይ ግምትና ልኩ አንድ! «ለምን?» ስላት «እንዳልሳሳት» አለችኝ።

ልኩም ቢሆን ትክክል አልነበረም። እስክሪብቶዋን 16 ሴንቲ ሜትር ብላለች። እኔ ስለካው 15 ነው። ቆሜ ሳያት ለካ ማስመሪያውን ከ1 ነው የምትጀምረው።

ግቢያችን ውስጥ አንድ አቮካዶ አለ። «ስንት ሜትር ይሆናል?» አልኳት። «መቶ» አለች። በሩስ? «ሠላሳ ሴንቲ ሜትር።» ሠላሳ ሴንቲ ሜትር እኮ በእጇ የያዘችው ማስመሪያ ነው! በሩን ተደግፋ ቆማ ነው ይህን የምትለኝ።

አባቷ «ስታድግ ይገባታል» ይላል። እውነቱን ይሆን?

የአዌቱ ልጅ

አታስጨንቂያት እህቴ። እኔ 34 ዓመቴ ነው። አምና ሶፋ ገዝቼ መጣሁ፣ በበሩ አልገባም አለ። «በዓይኔ ለክቼዋለሁ» ብዬ ነበር ለባለቤቴ። ሁለት ቀን ዝናብ እየመታው በረንዳ ላይ አደረ። ስታድግ ይገባታል ያለው አባቷ እኔን አላየኝም።

ጠመኔ

መምህርት ነኝ፣ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል 14 ዓመት አስተምሬያለሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ከጻፍሽው ውስጥ አንድ ቃል ያዘኝ። «እንዳልሳሳት»። ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ግምት ለልጅሽ ፈተና ሆኖባታል። ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ የኛ የአስተማሪዎች ነው። 40 ብሎ ገምቶ ልኩ 43 የሆነበትን ልጅ ኤክስ እናደርግበታለን። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ያውም በቀይ። ያ ልጅ ሁለተኛ አይገምትልሽም። ለክቶ ይገለብጥልሻል።

ስለዚህ ለጊዜው ማስመሪያውን ከነቁጥሩ መሳቢያ ውስጥ ክተቺው። መጀመሪያ ማወዳደር ብቻ ይሁን። የቱ ይረዝማል? ሁለት እርሳስ ስጫትና አያያዟን እይው። ብዙ ልጆች አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርገው ይዘው ጫፉን ብቻ ያያሉ። መነሻውን አያዩም። ዣን ፒያዤ የሚባለው የስዊዘርላንድ ሰው በዚህ ላይ ብዙ ሠርቷል። እኩል የሆኑ ሁለት ዘንጎች ጎን ለጎን ታስቀምጫለሽ። ልጁ «እኩል ናቸው» ይላል። ከዚያ አንዱን ትንሽ ወደፊት ትገፊዋለሽ። ሰባት ዓመት ገደማ ያልደረሰ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ «ይኼኛው ረዘመ» ይልሻል። ዓይኑ እያየ የገፋሽው ያው ዘንግ ነው እኮ! እኔ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ በጠመኔ እሞክረዋለሁ፣ በየዓመቱ «ረዘመ» የሚል አላጣም። ልጅሽ እዚህ ላይ ከተሳሳተች ሴንቲ ሜትሩን ለትንሽ ጊዜ እርሺው።

ቀጥሎ አንድ ላይ ማምጣት የማይቻሉ ነገሮች። ቁም ሳጥኑ በዚያ በር ይገባል ወይ? (የአዌቱ ልጅ፣ ይቅርታ።) ገመድ ስጫት። ራሷ ትድረስበት፣ አትንገሪያት። በገመዱ ቁም ሳጥኑን ይዛ ወደ በሩ ስትሄድ፣ ያኔ መለካት ለምን እንደተፈጠረ ይገባታል።

ከዚያ ስንዝር። ከዚያ ነው ማስመሪያ።

ከ1 የመጀመሯ ነገር ደግሞ በጣም የተለመደ ነው። ሰው ሲቆጥር «አንድ» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ልጅም ያንኑ አደረገች። ያልገባት የሚቆጠረው ጭረቱ ሳይሆን በጭረቶቹ መሃል ያለው ክፍተት መሆኑ ነው። ካርቶን ቆርጣችሁ የራሷን ማስመሪያ ሥሩ። ክፍተቶቹን አንዱን ቀይ፣ አንዱን ቢጫ እያደረገች ትቀባ። ቁጥር አትጻፉበት። ቀለሞቹን ትቁጠር። ሌላም ነገር አለ። ርካሾቹ የፕላስቲክ ማስመሪያዎች ዜሮው ጫፉ ላይ አይደለም፣ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ከጫፉ የጀመረም ይሳሳታል። ይህን የማያውቅ ትልቅ ሰውም ሞልቷል።

ፌሮ ቆራጭ

ከመምህሩ ጋር በብዙው እስማማለሁ። ስንዝር የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ግንባታ ላይ ነው የምሠራው። አንድ ጊዜ ለአጥር መሠረት የሚቆፍር የቀን ሠራተኛ ሜትሩን ትቶ በእርምጃ ለክቶ ቆፈረ። ሰውየው ረጅም ነው። መሠረቱ ጎረቤት ግቢ ሊገባ 80 ሴንቲ ቀርቶት አስቆምኩት። በፈረንጆች 1790ዎቹ ፈረንሳዮች ሜትርን ያወጡት እኮ በየአካባቢው መለኪያው እየተለያየ ሰው ስለተቸገረ ነው። ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት ለ10 ሚሊዮን አካፈሉት፣ አንዱ እጅ ሜትር ሆነ። እኛ ደግሞ በ21ኛው ክፍለ ዘመን ልጅን ወደ ስንዝር እንመልስ? ሜትሩን ይስጧት፣ በሱ ትልመድ።

ጠመኔ

@ፌሮ ቆራጭ መምህር ሳይሆን መምህርት ነኝ፣ ከላይ ጽፌዋለሁ 🙂

የቀን ሠራተኛው ታሪክ ለኔ ነው የሚያግዘው። ልጅ ሜትር ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባው በስንዝር ሲጣላ ነው። ሳይጣላ ሜትር ከሰጠኸው ሜትር ለሱ መምህሯ ያለችው ነገር ብቻ ነው።

ሜትር ባንገቱ

ልጄ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መርካቶ አካባቢ። ሥራውን ከያዝኩ 31 ዓመት ሆነኝ። ስለ ትምህርት ቤት አላውቅም፣ ስለ ዓይን ግን ልንገርሽ።

ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ደንበኛ ከበር ሲገባ፣ ሜትሩን ከአንገቴ ከማውረዴ በፊት፣ ቀስ ብለው በጆሮዬ «ወገቡ?» ይሉኛል። «ዘጠና ሁለት» እላለሁ። ከዚያ እለካለሁ። 80! አይቆጡም፣ ይስቃሉ። በማግስቱ ሌላ ሰው፣ «ወገቡ?» በስድስት ወር ውስጥ ከሁለት ሴንቲ በላይ መሳሳት አቆምኩ። ማንም «እንዲህ አድርገህ ገምት» ብሎ አላስተማረኝም። ገምቼ ወዲያው ስለለካሁ ነው። ገምቶ ያልለካ አይማርም፣ ለክቶ የገመተም ያው እንደ ልጅሽ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የመጀመሪያ ስህተቴን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ሰውየው ወፍራም ኮት ለብሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮት ሳይ እቀንሳለሁ። ልጅሽ ስትሳሳት «ለምን በለጠብሽ?» በያት እንጂ «ተሳሳትሽ» አትበያት።

ስለ ክንድ ደግሞ፣ ድሮ ጨርቅ በክንድ ሲሸጥ ገዢው ረጅም ዘመድ ይዞ ይሄድ ነበር ይባላል። ነጋዴው ደግሞ ክንደ አጭር ልጁን ሱቅ ያስቀምጣል 😄

የአዌቱ ልጅ

ጋሼ ሜትር፣ ስለ ክንድ ካነሱ አይቀር አንድ ጥያቄ አለኝ። ስንዝሮ ቁመቱ ስንዝር ነው ሲባል በማን ስንዝር ነው? በእናቱ ነው በራሱ?

ሜትር ባንገቱ

በራሱ ስንዝር ከሆነማ እጁ የቁመቱን ያህል ሊሆን ነው። ለዚህ ሰው እጅጌ አልሰፋም።

እናት ከኮቺ (ሐሙስ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተለይ ጠመኔ፣ እግዜር ይስጥሽ። ጋሼም «ልጄ» ስላሉኝ ደስ ብሎኛል።

ማስመሪያውን ደበቅሁት። ትናንት ማታ መብራት ስለጠፋ ሌላ የሚሠራም አልነበረም። በሻማ ስንዝር ጀመርን። በሩን ከታች ወደ ላይ በስንዝሯ ለካች። ወንበር ላይ ቆማ፣ እኔ ደግፌያት። 14 ስንዝር ከትንሽ። ከዚያ አባቷ ለካ። 9 ስንዝር።

ዝም አለች። «አባዬ ትልቅ ነው» አለች። «አዎ።» «ታዲያ ለምን ቁጥሩ ትንሽ ሆነ?»

እኔ ልመልስ ስል አባቷ በዓይኑ ያዘኝ። (ሰውየው «ስታድግ ይገባታል» ባይ ነበር፣ አሁን ተይዟል።) እጇን ወስዶ እጁ ላይ ለጠፈው። ጣቶቿ ከሱ መሃል ጣት ሁለተኛ አንጓ በላይ አይደርሱም። ዓይኗ ወደ በሩ፣ ወደ እጁ፣ ወደ በሩ። ከዚያ «እ-ኔ ት-ን-ሽ ስ-ለ-ም-ረ-ግ-ጥ ብ-ዙ እ-ረ-ግ-ጣ-ለ-ሁ!» ብላ ጮኸች። በቃላቷ ነው የጻፍኩት። ለመርገጥና ለመሰንዘር ለሷ አንድ ናቸው።

አንድ ጥያቄ፦ ስትሰነዝር በየመሃሉ ክፍተት ትተዋለች። አንዳንዴም ትደርባለች። ላርማት ወይስ ልተዋት?

ጠመኔ

«ትንሽ ስለምረግጥ ብዙ እረግጣለሁ»ን ነገ ክፍሌ ውስጥ እለጥፈዋለሁ፣ ፍቀጅልኝ።

ክፍተቱን አታርሚ። አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ እንድትለካው አድርጊ። አንድ ጊዜ 6፣ አንድ ጊዜ 8 ሲመጣባት ራሷ ትጠይቅሻለች። ካልጠየቀች የክብሪት እንጨት ወይም ቁራጭ እርሳስ ስጫት፣ ጫፍ ለጫፍ ትደርድር። እንጨት ተደርድሮ ክፍተቱ ይታያል። ስንዝር ግን እጅ ሲነሳ ይጠፋል።

ቀጥሎ ቡና ስታፈሉ ይህን ሞክሩት። ውኃ የሚጠጣበት ቀጥ ያለ ብርጭቆ አምጪ። «ቁመቱ ይበልጣል ወይስ ዙሪያው?» በይ። ሁሉም ሰው ይወራረድ። ከዚያ በክር ለኩ።

የጅረን ልጅ

ዘግይቼ ገባሁ። የኔ ልጅ የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ስንዝርን ታኩ፣ ክንድን ዹንዹማ ይላል። የጎረቤቱ ልጅ በአማርኛ ነው የሚማረው። ሁለቱ አንድ አጥር ላይ ቁጭ ብለው የእንጨት ርዝመት ሲከራከሩ ሰማኋቸው። አንዱ «አራት ታኩ»፣ አንዱ «አራት ስንዝር» ይላል። ተጣሉ! ቃሉ ነው እንጂ ነገሩ አንድ መሆኑን ያወቁት እጃቸውን ሲያሳዩ ነው።

አባቴ ቡና ሲተክል ሁለት ሜትር የሆነች በትር ነበረችው። ቡና በሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ስትተክል በሄክታር 2,500 እግር ይገባል። በትሯን እየጣለ ጉድጓድ ያስቆፍራል። እኛ ልጆች ከበትሯ ቀድመን የሚቀጥለው ጉድጓድ የት እንደሚሆን ድንጋይ እናስቀምጥ ነበር። በትሯ ስትወርድ ድንጋዩ ላይ ካረፈች ያ ልጅ በቆሎ እሸት ይበላል። በቀን መቶ ጉድጓድ ከሆነ መቶ ጊዜ ገመትን ማለት ነው። እስከ ዛሬ ሁለት ሜትር ዓይኔ ውስጥ አለች። ሦስት ሜትር በሉኝ፣ አላውቅም። ሁለት ግን አውቃለሁ።

ፌሮ ቆራጭ

የጅረን ልጅ ያልከው ገባኝ። በስንዝሩ ነገር አፌን አልመልስም፣ ግን ዓይን ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ነገር ያስፈልጋል የሚለው ልክ ነው። እኛም ጋ እንዲሁ ነው።

እህቴ፣ ለልጅሽ ብሎኬት አሳያት። አንድ ብሎኬት ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ነው። ያልተለሰነ ግድግዳ ስታዩ ድርድሩን ትቁጠር። በመሃሉ ቡኪት (ብሎኬቶቹን የሚያያይዘው ሲሚንቶ) አለ፣ አንድ ሴንቲ ገደማ ያዢ። አሥር ድርድር ከሁለት ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከትምህርት ቤት ስትመለሱ በመንገዳችሁ ስንት ያልተለሰነ አጥር አለ! ፌሮም ሲራገፍ ካያችሁ፣ አንዱ ዘንግ 12 ሜትር ነው። ከዚያ ወዲያ አቮካዶን መቶ ሜትር አትልም። ስምንት ፌሮ ተቀጣጥሎ ከግቢያችሁ ሲወጣ ይታያታል።

እናት ከኮቺ (ዓርብ ማታ)

የብርጭቆውን ነገር ሞከርነው። ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ መጥተው ነበር። ስድስት ትልልቅ ሰዎች፣ ስድስቱም «ቁመቱ» አሉ። እኔም። አባቷ እንዲያውም «ይኼማ በግልጽ ይታያል» ብሎ ተመጻደቀ። ልጄ ብቻ ዝም ብላ ብርጭቆውን ታዞረዋለች።

ክሩን ዙሪያውን አዞርን። ቆርጠን ዘረጋነው። ብርጭቆው አጠገብ ስናቆመው ቁመቱን አልፎ፣ አልፎ፣ ሁለት ብርጭቆ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው ያበቃው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ጎረቤቴ «ክሩ ተስቦ ነው» ብላ ሌላ ክር አስመጣች። ያው ነው። ከዚያ ሲኒውንም፣ ስኳር መያዣውንም ለካን። ቡናው በረደ።

ልጄን ደስ ያላት ምኑ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ትልልቆቹ መሳሳታቸው። «አባዬም ተሳሳተ፣ እትዬም ተሳሳቱ» እያለች ስትቆጥር አመሸች። ዛሬ ጠዋት ራሷ ደብተር ከፍታ ሦስት ዓምድ አሰመረች። ግምት፣ ልክ፣ ልዩነት። «ግምቱን በእስክሪብቶ ነው የምጽፈው፣ እንዳይጠፋ» አለች። ጠረጴዛው፦ ግምት 40፣ ልክ 62። የአልጋዋ ርዝመት፦ ግምት 150፣ ልክ 188። ትራሷ፦ ግምት 50፣ ልክ 54። ሦስቱም ላይ አሳንሳለች። ጋሼ እንዳሉት «ለምን አነሰብሽ?» አልኳት። አሰበችና «ማስመሪያውን በዓይኔ ስደረድረው ክፍተት እተዋለሁ» አለች። እውነቷን ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን መልስ ናት።

አንድ ቅሬታ ልናገር። ትምህርት ቤቱን አልጠራም። የመጀመሪያውን የቤት ሥራ፣ ያን ገልብጣ የሠራችውን፣ አምስት ከአምስት አግኝታበታለች። አብሯት የሚቀመጠው ልጅ ከልቡ ገምቶ ሁለት ከአምስት ተሰጠው። እናቱ ነች የነገረችኝ። ምን ልበላት?

ጠመኔ

እናቱን ደብተሩን ይዛ መምህሩን እንድታናግር ንገሪያት፣ በደህና ቃል። ብዙዎቻችን ሳናስበው ነው የምናደርገው። እኔ አሁን ለግምት ነጥብ አልሰጥም። ልዩነቱ ከሳምንት ሳምንት ማነሱን ብቻ ነው የማየው። አንድ ልጅ ነበረኝ፣ መጀመሪያ የጥቁር ሰሌዳውን ርዝመት 9 ሜትር አለ። ልኩ 3 ነበር። በሁለተኛው ወር 3 ሜትር ከ20 አለ። በፈተና አሥር ያመጣ ልጅ እንደዚያ አላስደሰተኝም።

ሜትር ባንገቱ

ልጅቷ ግምቱን በእስክሪብቶ እጽፋለሁ ካለች የልብስ ሰፊ ልብ አላት። ጨርቅ ከተቆረጠ አይመለስም። ስታድግ ላኪያት፣ ሥራ አለኝ።

ፌሮ ቆራጭ

አቮካዶውስ? መቶ ሜትሩ የት ደረሰ?

እናት ከኮቺ

እሁድ ነው ቀጠሮው። እንዴት እንደምንለካው ግን አላውቅም። አባቷ ልውጣ አለ፣ ዝናብ ነው፣ እንጨቱ ያንሸራትታል፣ አልፈቀድኩም።

ፌሮ ቆራጭ

መውጣት አያስፈልግም። ልጅቷን ግንዱ ሥር አቁሚያት። አንቺ ራቅ ብለሽ ቁሚ፣ ዛፉ ከነጫፉ እስኪታይሽ። እርሳስ ይዘሽ እጅሽን ቀጥ አድርገሽ ዘርጊ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ። የእርሳሱን ጫፍ ከጭንቅላቷ፣ አውራ ጣትሽን ከእግሯ ጋር አገጣጥሚ። ያ አንድ ልጅ ነው። ከዚያ ክንድሽን ሳታጥፊ እርሳሱን ወደ ላይ እያንቀሳቀስሽ ስንት ልጅ እንደሚሆን ቁጠሪ። የኔ ውርርድ 9 ሜትር።

ሜትር ባንገቱ

7።

የአዌቱ ልጅ

እኔ ከሶፋው ወዲህ አልወራረድም።

እናት ከኮቺ (እሁድ ከሰዓት)

ለካን። መጀመሪያ እሷ ሥሩ ቆመች፣ አባቷ በእርሳስ ቆጠረ። 7 ልጅ። ከዚያ «እኔም ልቁጠር» ብላ እኔን ሥሩ አቆመችኝ፣ ነጠላዬ በጭቃ እየተለወሰ። 5 እናት ከትንሽ። ቁጥሩ ለምን እንዳነሰ ዛሬ አልጠየቀችም። ለአባቷ እሷ አስረዳችው።

የሷ ቁመት 1 ሜትር ከ20 ነው። በሰባት አባዝታ 8 ሜትር ከ40 አለች። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። በጋሼና በፌሮ ቆራጭ መሃል ነው፣ ለፌሮ ቆራጭ ግን ይቀርባል።

የግምት ዓምዱ ላይ ስትደርስ «መቶ ብለሽ ነበር፣ መቶ ጻፊ» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አፈጠጠችብኝ። «እኔ? መቼ? መቶ ሜትር ዛፍ የት አለ?»

ፌሮ ቆራጭ

የማክሰኞውን ጽሑፍሽን አሳያት 😄